እምቢ የማይለው ኳርተርባክ

በእኔ ቦታ የተተካው ካሜራ አያስልም፣ ሽንት ቤት አይሄድም፣ ዝናብ ሲመጣም አይራገምም። ረጅም ብረት ጫፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው ራሱ እየዞረ ጨዋታውን ይቀርጻል። የምቀርጽለት የጄኔቫ ክለብ ገዝቶ ያመጣው ዕለት ልጆቹ ከበው አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? ከብረት ጋር አልጣላ።

ከዋናው ሥራዬ ቀደም ብዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የአቬኤሱ፣ የጡረታው መሥሪያ ቤት፣ ወረቀት መጣ፣ ፈረምኩ፣ አለቀ። የቀረችኝ የቅዳሜዋ ካሜራ ነበረች፤ እሷም ይኸው ሄደች። አሁን የሚያገኘኝ ሁሉ "እንግዲህ ዕረፍ፣ ብዙ ለፍተሃል" ይለኛል። ማረፍ አልችልበትም። ከከተማው ዳር፣ ቶኔ ካለው ቤቴ በጠዋት ወጥቼ ትራም እይዛለሁ፤ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ብድግ። ቀኝ እጄ የትራይፖዱን፣ የካሜራዬን ማቆሚያ፣ እጀታ ይፈልጋል። መንገደኛ ሲያልፍ የማየው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው። በቀደም አንዲት ሴትዮ "ሙስዬ፣ ጫማዬ ላይ ምን አገኙ?" ብላ ተቆጣችኝ። ልክ ናት። እኔ ግን ይህን ዓመል በገዛ እጄ አላመጣሁትም፤ ያስያዘኝ ሰው ዙሪክ አለ። ስለዚያ ሰው መጻፍ የፈለግኩት ከቆየ ነው። ስለ አንድ ልጅም እጽፋለሁ። "ይህ ልጅ ገና እያደገ ነው ወይስ ቆሟል?" ተብዬ ተጠይቄ፣ በሠላሳ ምናምን ዓመት የካሜራ ሥራዬ እንደዚያ ያለ ስህተት ተሳስቼ አላውቅም።

አገር ቤት ካሜራማን ነበርኩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ መንገድ ላይ ያነሳሁትን ካሴት የሚጠይቁ ሰዎች ቤቴ ሲመላለሱብኝ ካሴቱንም ቤቱንም ትቼ ወጣሁ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልልም፤ ያሉት ብለውታል። ስዊዘርላንድ ስደተኛውን በየካንቶኑ ታከፋፍላለች፤ የእኔ ዕጣ ዙሪክ ወጣ። ከጀርመንኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ወረቀቴ እስኪስተካከል የሐበሻ ሠርግና ክርስትና እየቀረጽኩ፣ ክፍያዬም ምሳና ምስጋና እየሆነ፣ ጊዜው ሄደ።

ኡርስን ያገኘሁት ያኔ ነው። የትራም ሹፌር ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ለስደተኞች በነጻ ጀርመንኛ ያስተምራል። እያንዳንዳችንን "በአገርህ ሥራህ ምን ነበር?" እያለ ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ ቃሉን ስላላወቅኩት ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእጄ ካሜራ ሠርቼ አሳየሁት። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። "ቅዳሜ ና" አለኝ። ለካ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የሚያሠለጥን ሰው ኖሯል።

የዚህን ጨዋታ ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ስሙ እግር ኳስ ነው፤ ኳሷን የሚይዟት ግን በእጅ ነው። ኳሷም እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ አላት። ከሁሉ በላይ የሚታየው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ኳሷ ለእሱ ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ ለሚሮጡት ጓደኞቹ ይወረውራታል። ለማን እንደሚወረውር አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ በእጅ ምልክት ያዘዋል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ተከላካዮቹ የታዘዘውን ሰው አስቀድመው ከበውት ካየ፣ ኳርተርባኩ ጮኾ ትእዛዙን መቀየር ይችላል። መቀየር አለበት እንጂ። አሠልጣኙ ከዳር የማያየውን እሱ ከመሐል ያያል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ሠርግ እንደምቀርጽ ቀረጽኩት። ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ለአፍታ አትለቃትም፤ ስትስቅ ትጠጋለህ፣ ስታለቅስ ይበልጥ ትጠጋለህ። እኔም ኳሷ ወደሄደችበት ሁሉ እየተከተልኩ፣ አየር ላይ እያሳደድኩ፣ ወድቃ ስትነጥር ሳይቀር እየተጠጋሁ ቀረጽኳት። ኮርቼበት ነበር። ኡርስ እስከ መጨረሻው በጨዋነት ተመለከተና "ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፤ ጨዋታው የታለ?" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ተማርኩ። ቦታዬ ከተከላካዮቹ ጀርባ፣ ከሜዳው ጫፍ፣ ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ላይ ሆነ፤ ከዚያ የኳርተርባኩ ፊት ወደ እኔ ነው። ቀረጻው ኳሷ ከመነቃነቋ በፊት ይጀምራል፤ ሰዎቹ ሁሉ በምስሉ ውስጥ መግባት አለባቸው። ኳሷ ስትወረወር መከተል ክልክል ነው፤ ትውጣ። ነፋስ ሲኖር ትራይፖዱ ሥር የድንች ከረጢት አንጠለጥላለሁ። በብርድ ጊዜ የጓንቴን ሁለት ጣቶች እቆርጣለሁ፤ ቁልፏ በጓንት አትሰማም። እስትንፋሴንም ልክ ኳሷ ስትነሣ እይዘዋለሁ። ይህን ለሚስቴ ስነግራት "ለእኔ እንዲህ ትንፋሽህን ይዘህ አታውቅም" ብላ ስቃብኛለች፣ ነፍሷን ይማርና።

ኡርስ ፊልም ሲያይ ልማዱ አንድ ነው። የደረቀ ፖም ከኪሱ እያወጣ ያላምጣል፤ ድምፁን ይዘጋል፤ ከዚያ አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ ኳሷ ላይ ያደርጋል። ኳሷ በሄደችበት ጣቱም ይሄዳል፤ ኳሷን ራሱም አያይ፣ እኛንም አያሳየን። "ሉግ!" ይለኛል፤ እይ ማለቱ ነው። "ኳስ ውሸታም ናት። መጥፎ ውርወራ በዕድል ይያዛል፣ ጥሩ ውርወራ በዕድል ይወድቃል። እግሩን እይ። እግር አይዋሽም።" ይህ ሁሉ የመጣው ከትራሙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በመስታወት የሰው እግር እያየ በር ሲዘጋ ኖሯል፤ ማን ሊሳፈር እንደመጣ፣ ማን ቆሞ እንደሚያስብ ከጫማው ያውቃል። እኔም እሺ አልኩ። ያለኝን ሁሉ እሺ አልኩ። እንጀራዬ ባይሆንም ሙያዬን መልሶ የሰጠኝ ሰው ነው።

ጄኔቫ የሄድኩት ሥራ አግኝቼ ነው፤ የስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎንና የአስተርጓሚ ማዳመጫ መጠገን። አለቃዬ ማዳም ሶላንዥ የምትባል፣ ተቀምጬ ካየችኝ የሚያማት ሴት ነበረች። "ማይክሮፎን ሲሠራ ማንም አያይህም፤ ሲበላሽ ግን የዓለም ሕዝብ ሁሉ ዞሮ ያይሃል" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። ስለዚያ ሥራ ብዙ የምለው የለኝም፤ የሰው ንግግር ሰምቼ ጠግቤአለሁ። ልቤ ቅዳሜ ላይ ነበር። ለ ሊኞን ከሚባለው ሰፈር ረጃጅም ሕንጻዎች ማዶ በነበረው ሜዳ የጄኔቫውን ቡድን እቀርጻለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊልሙን ቆራርጬ ለአሠልጣኙ እሰጣለሁ። ከኡርስ ጋርም በስልክ አንለያይም ነበር።

ናሆምን ወደዚያ ሜዳ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የግርማ ልጅ ነው። ግርማ አዲስ አበባ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ እንደ እኔው ከምርጫው በኋላ የወጣ፤ ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር፣ የአንድ ትልቅ ሕንጻ ኮንሲየርዥ፣ ጠባቂና ጠጋኝ፣ ሆኖ ደረጃ ያጸዳል፣ አምፖል ይቀይራል። ልጁ እዚሁ ነው የተወለደው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ናሆም ለአንድ ሕፃን የአምባሻ ቁራጭ ከግቢው ጫፍ ወረወረለት፤ ቁራሹ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሕፃኑ መዳፍ ላይ አረፈ። ሕፃኑ እጁን እንኳ አላነቃነቀም። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

በዓመቱ የቡድኑ ኳርተርባክ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ክንድ አይቼ አላውቅም፤ ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አትንቀጠቀጥም። ደግሞ ጨዋነቱ! አማርኛው ይሰባበራል፣ በመሐል ፈረንሳይኛ ይገባበታል፤ አንቱታ ግን አይስትም። "ጋሼ፣ ካሜራውን ላግዝዎት?" ይለኛል። ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ግርማ በዚህ ይኮራል። "እሺ ይበልጣል ከሺ ብዬ ነው ያሳደግኩት፤ የፈረንጅ ልጅ ሆኖ አሳዳጊ የበደለው እንዳይባልብኝ" ይላል። እኛም "የተባረከ ልጅ" እያልን እንመርቀዋለን። ማኅበር ላይ ሌሎቹ ወላጆች የየራሳቸውን ልጅ በእሱ ይነዘንዙ ነበር።

ከዚያ ቆመ። ማለቴ የቆመ መሰለ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓመት ያው አንድ ስህተት፦ የታዘዘው ሰው በተከላካይ ተከቦ እያለ ለዚያው ሰው ይወረውራል። ኳሷ ትነጠቃለች። አሠልጣኙ "መቀየር ትችላለህ፣ ቀይር" ይለዋል፤ ናሆም "ዊ፣ እሺ" ይላል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ነው። ሰዉ "ክንድ እንጂ ጭንቅላት የለውም" ማለት ጀመረ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብሎ ያፌዘም አለ።

ኡርስ የደወለው በዚህ መሐል ነው። የዙሪኩ ቡድን አንድ ወጣት ኳርተርባክ ይፈልጋል፤ ልጁ እዚያው ዙሪክ በትራም ጋራዥ የሙያ ትምህርት፣ ሌረ የሚሉትን፣ እየተማረ ይጫወታል። ቦታው አንድ ነው። ናሆም ስለዚህ ቦታ ሰምቶ ነበር፤ እናቱ አስቴር እንደነገረችኝ ከቤት ሲወጣና ሲገባ ጀርመንኛ ቃል እያነበነበ ያጠና ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

"ክንዱን አይቼዋለሁ" አለኝ ኡርስ። "የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ልጁ ገና እያደገ ነው? የተጠናቀቀ ልጅ ለእኔ አይሆንም።"

የሦስቱን ዓመት ፊልም አወጣሁ። ኡርስ እንዳስተማረኝ ኳሷን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩ፣ እግሩን አየሁ። እግሩ በመጀመሪያው ዓመት ወደታዘዘበት ነው፤ በሦስተኛውም ዓመት ወደታዘዘበት ነው። ምንም የተለወጠ የለም። አንድ ሌላ ነገርም አየሁ፤ የሚደፋው የሄልሜት ፍርግርግ ነጻ ወደሆነው ተጫዋች ይዞራል፣ ደግሞ ይመለሳል። እንደ ማመንታት ቆጠርኩት። ደወልኩና "ቆሟል" አልኩ። "ያለው ይኸው ነው። ልቡ ይጠራጠራል፣ እግሩም አልተለወጠ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እግር አይዋሽም ያልከው አንተ ነህ" አልኩት።

ለናሆም ነገሩን የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ብዬ። ትራይፖዱን እያጠፍኩ፣ "ዙሪኮቹ አይሆንም ብለዋል፣ አይዞህ" አልኩት። አየኝ። ለምን አላለም። ማን ፈረደብኝ አላለም። አልተቆጣም፣ ዓይኑ እንኳ እንባ አላቀረረም። "እሺ ጋሼ" አለና የድንቹን ከረጢት ተሸክሞልኝ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ።

ያ እሺ እንቅልፍ ነሳኝ። በእሱ ዕድሜ እኔን እንዲህ ቢሉኝ ድንጋይ ነበር የማነሣው። ማይክሮፎን እየፈታሁ እሺ ጋሼ ይለኛል፤ ትራም ውስጥ እሺ ጋሼ ይለኛል። ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ። ማዳም ሶላንዥ እንኳ "ዛሬ ምን ነክቶሃል፣ ተቀመጥ" አለችኝ፤ በስንት ዘመኗ።

በሁለተኛው እሑድ ግርማ ቤት ምሳ ተጠራን። እንግዳ ስለበዛ ግርማ የሚታጠፈውን ጠረጴዛ አወጣ። የስንት ሰው ቤት ቧንቧ የሚጠግን ሰው የራሱ ጠረጴዛ ላይ ሁሌም ይሳሳታል። የጠረጴዛውን እግር ወደ አንዱ ቀዳዳ ሊያስገባ ጎንበስ አለና "ናሆም፣ እዚህ ጋ ጫን" አለ። ናሆም መጣ። ራሱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዞረ። ወዲያው ወደ አባቱ መለሰ። አባቱ ያለው ቦታ ላይ ጫነ።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ያንን የራስ አዟዟር ስንት ጊዜ ነው ያየሁት! ልብ ግን አላልኩትም። አስቴር ወጡን አቀረበች፣ ሰዉ ከበበ፣ ግርማ "በስመ አብ" ብሎ እጁን እንደሰደደ ጠረጴዛው ወደ ግራ ተንሸራትቶ ተደረመሰ። ቀይ ወጡ በሙሉ በእኔ ሱሪ ላይ።

በጩኸቱ መሐል ናሆምን ክንዱን ያዝኩት።

"ቀዳዳው ያ እንዳልሆነ አይተህ ነበር?"

"አዎ ጋሼ።"

"መቼ ነው ያየኸው?"

"አባባ ሳይጎነብሱ። ቱ ደ ስዊት።" ወዲያውኑ ማለቱ ነው።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

ናሆም ጥያቄው አልገባውም። "አባባ እዚህ ጫን አሉኝ እኮ" አለ።

ሱሪዬን እንኳ ሳልጠርግ ወጣሁ። አስቴር "ኧረ ጋሽ ታዴ፣ ሌላ ወጥ አለ!" እያለች በደረጃው ተከተለችኝ። ከሰርቬት እስከ ቶኔ ወጥ ወጥ እየሸተትኩ በትራም ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ፊልሙን ከፈትኩ። አሁን አውራ ጣቴን እግሩ ላይ አደረግኩና ራሱን ብቻ አየሁ። በመጀመሪያው ዓመት ራሱ ወደ ነጻው ሰው የሚዞረው ኳሷ እጁ ከገባች በኋላ ነው። በሁለተኛው ዓመት ኳሷ ስትነሣ ይዞራል። በሦስተኛው ዓመት ኳሷ ገና ሳትነቃነቅ፣ ተከላካዩ ራሱ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይዞራል። ልጁ እያደገ ነበር። በየዓመቱ እያደገ ነበር። ሁልጊዜ ትክክለኛውን ያያል፤ አይቶ፣ ታላቅ ያዘዘውን አስታውሶ፣ ተመልሶ ወደ ስህተቱ ይወረውራል። እኛ ደግሞ በዚያው ጨዋነቱ ስንመርቀው ኖረናል።

ወዲያው ኡርስ ዘንድ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። "እግሩን ብቻ እይ ያልከኝ አንተ ነህ" አልኩ በመጨረሻ፤ ተናድጃለሁ።

"አዎ፣ ብያለሁ" አለ። ፖሙን ሲያላምጥ ይሰማኛል። "ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተከራክረኸኝ አታውቅም። የተስማማህ መስሎኝ ነበር።"

ፊልሙን አጠፋሁ።

"ቦታው አልተሞላም" አለ ኡርስ። "በሚመጣው ቅዳሜ የምፈትናቸው ልጆች አሉ፤ አምጣው። ግን ስማ፤ ማየት ብቻ አይበቃኝም። አውቄ መጥፎ ትእዛዝ እሰጠዋለሁ። ካልቀየረ ይመለሳል። ለእሱ አንዲት ቃል እንዳትነግረው።"

ለእሱ አልተናገርኩም። ለአባቱ ግን ተናገርኩ፤ ለአባቱ አትንገር አልተባልኩም። ግርማ ልጁን ብቻውን አልልክም ብሎ የዙሪኩን ባቡር አብሮን ተሳፍሯል። ናሆም ከፊት ወንበር ላይ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ መስኮቱን ተደግፏል። ግርማ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

"በዚህ ሽበትህ ልጄን ዓመፅ ልታስተምር ነው?"

"ዓመፅ አይደለም። ሙያው ነው። ያየውን ይናገር ነው ያልኩት።"

"ሽማግሌ ያዘዘውን በአደባባይ እንዲሽር! እሺ ይበልጣል ከሺ ብዬ ያሳደግኩትን!"

ከዚህ በፊት ነክቼበት የማላውቀውን ነገር ያን ጊዜ ነካሁ። "ግርማ፣ አንተ እዚህ አገር ምን አመጣህ?" አልኩት። "በተማሪዎችህ ላይ መስክር ሲሉህ እሺ ብለሃል?"

ባቡሩ ሁለት ጣቢያ አለፈ። ሰው ሲወጣና ሲገባ ግርማ ከመስኮቱ ዓይኑን አልነቀለም።

"እምቢ ያልኩ ቀን ክፍሌን አጣሁ" አለ በኋላ፣ በጣም ዝግ ብሎ። "እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ። አሥራ ምናምን ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩበት እጄ የሰው ደረጃ ይጠርጋል። አልጸጸትም፤ አሁንም እምቢ ነው የምለው። ግን እምቢ ምን እንደሚያስከፍል አውቀዋለሁ፣ ታዴ። ልጄ እንዲከፍል አልፈለግኩም። እሺን ያስተማርኩት ለዚህ ነው።"

"እዚህ እኮ የሚያስከፍለው እሺው ነው" አልኩት። ዙሪክ እስክንገባ አልተነጋገርንም። እውነት ለመናገር፣ ያንን ጥያቄ በመጠየቄ ልቤ ታመመ።

ሜዳው ላይ ካሜራዬን የድሮ ቦታዬ ላይ ተከልኩ፤ ግርማ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የናሆም ተራ ደረሰ። ኡርስ ከዳር ቆሞ ክንዱን ወደ ግራ ዘረጋ፦ ለግራው ወርውር። በግራ በኩል ሁለት ተከላካዮች እንደ በር ቆመዋል። በቀኝ በኩል አንድ ልጅ ብቻውን ነው። ሄልሜቱ ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ኡርስ ተመለሰ። ኳሷ ወደ ግራ ተወረወረች፤ ተነጠቀች። ግርማ በጥርሱ መሐል አየር ሳበ።

ኡርስ ያንኑ ምልክት ደገመ። ፖሙን እያላመጠ፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ሄልሜቱ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ወደ ኡርስ ተመለሰ፤ ከዚያ ቀና አለና ወደ እኛ አየ። በካሜራው ውስጥ ፊት ለፊት አየኝ። የሚያየው ግን እኔን አይደለም።

"እኔን ነው የሚያየው" አለ ግርማ።

"አዎ።"

ግርማ ተነሣ። ይጮኻል ብዬ ፈራሁ፤ እምቢ በል ብሎ ከጮኸለት ደግሞ ልጁ አሁንም የሚታዘዝ እንጂ ሌላ አይሆንም። አልጮኸም። ኮፍያውን አደረገ፣ በእንጨቱ ደረጃ ወረደ፣ ከመድረኩ ጀርባ፣ ከሜዳው ወደማይታይበት ቦታ ገባ። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ምን መቀነስ እንዳለበት ያውቃል።

ናሆም ባዶውን አግዳሚ አየ። ቆየ። ጓደኞቹ ጎንበስ ብለው እየጠበቁት ነው። ከዚያ እጁን አነሣና ጮኸ፤ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ የተቀላቀለበት ጩኸት። የግራውን ትእዛዝ ወደ ቀኝ ቀየረው። ኡርስ ማላመጡን ተወ። የናሆም እግሮች ዞሩ፤ ሁለቱም ጫማዎች ወደ ቀኝ፣ ራሱ ወዳየበት። እስትንፋሴን ያዝኩ። ኳሷ ከእጁ ወጣች፣ ከምስሉም ወጣች። አልተከተልኳትም። እጄ ልትከተላት ፈልጋ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያዝኳት።

"ያዛት?" ይላል ግርማ ከሥር። "ታዴ፣ ያዛት ወይ?"

በዓይኔ ዞሬ አየሁ። ኳሷ መሬት ላይ ናት። በቀኝ ያለው ልጅ መዳፉ ላይ አርፋለት ነበር፤ አሾልኮ ጣላት።

"አልያዛትም" አልኩ። "ወደቀች።"

"ውይ ልጄን! ታዲያ አንተን ምን ያስቅሃል?"

"እምቢ አለ፣ ግርማ። ሽማግሌውን እምቢ አለ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጓል። "ሰምቼዋለሁ" አለኝ በኮፍያው ውስጥ። "ከዚህ ሆኜ ሰማሁት። ድምፁ የእኔ ነው። የዚያን ቀን ድምፄ ነው።"

ከሜዳው ዳር ኡርስ ወደ እኔ አንጋጠጠ። ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መሬት ላይ የወደቀችውን ኳስ በአውራ ጣቱ ሸፈናት።

ናሆም ዙሪክ ቀረ። ሌረውን ጨርሷል፤ ዛሬ በሥራ ቀን ትራም ይጠግናል፣ ቅዳሜ ይጫወታል። ከኡርስ ጋር በየልምምዱ ይከራከራሉ፤ ኡርስ ስልክ ደውሎ "ምን ዓይነት ባለጌ ነው ያመጣህልኝ" ይለኛል፣ ደስታውን መደበቅ አይችልበትም። ግርማም ስለ ጠረጴዛው እግር አሁን ሰው ያማክራል። እኔ በዚያ ልጅ ላይ ቆሟል ብዬ የፈረድኩትን ሳስብ ግን አሁንም ከተቀመጥኩበት ያስነሣኛል። ያ ጠረጴዛ ባይወድቅ ኖሮ እላለሁ። ከዚያ እነሣና በእግሬ እሄዳለሁ።

አዲሱ ካሜራ የተገዛ ሳምንት ናሆም ደወለ። የዙሪኩን ቡድን የመጨረሻ ጨዋታ እንድቀርጽ ቀደም ብለን ተነጋግረን ነበር። "ተወው ልጄ" አልኩት። "ማሽኑ ከእኔ ይሻላል። ጉልበቴም አልቻለም፣ እኔ በቃኝ። ያለኝ ይኸው ነበር።"



"እምቢ ጋሼ" አለኝ። "ማሽኑ ኳሷን ነው የሚከተለው። ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው ላይ እጠብቅዎታለሁ። የድንቹን ከረጢት እንዳይረሱ።"

እሺ አልኩት።